ፎጣ አታራግፍበት

ይድረስ ለወንድሜ፣ የሰፈሩን ራስ ሁሉ ለምታስጎነብሰው ፀጉር አስተካካይ፤

ለጤናህ እንደምን ነህ? ቀኑን ሙሉ ቆመህ እየዋልክ ወገብህ እንዴት ቻለልህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ትንሿ ልጅህ፣ የኔ ሚጢጢ፣ የፊት ጥርሷ በቀለላት ወይስ አሁንም በድዷ ነው የምትስቅብህ? አክስታችን እትዬስ ጉልበቷ እንዴት አደረጋት፣ ደረጃውን ትወጣዋለች? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ተመስገን ነው። ስለ አባባ ግን እንዴት ነው ብዬ አልጠይቅህም። እንዴት እንደሆነ ሰምቻለሁ፣ የሰማሁትም ካንተ አይደለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አባባ ትንሽ አኩርፏል፣ እጄን አላሳሽም ብሏል፣ ለመሆኑ እናንተ እዚያ ማሳጅ ስትጨርሱ ሰውን እንዴት ነው የምታሰናብቱት ትለኛለህ። ትንሽ አኩርፏል! እንዲህ ያለውን ቃል ከየት እንደምታመጣው አላውቅም። ባለቤትህ ግን እንዳንተ ብልጥ አይደለችም፤ በስልክ አንድም ሳታስቀር ዘርግፋልኛለች። መልሱን በስልክ ልነግርህ እችል ነበር፣ ግን አውቅሃለሁ፤ ነገሩ መምረር ሲጀምር ደንበኛ ገባ ብለህ ትዘጋብኛለህ። ይቺን ግን እስከ መጨረሻው ታነባታለህ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ እስቲ ያደረግከውን እኔው ልንገርህ፤ አንተ የረሳኸው ትመስላለህና። አባባን በሽታው ቀኝ ጎኑን ከጣለው ወዲህ እጁ እየተጨበጠ መጣ። ሐኪሙም ማታ ማታ ጣት በጣት ካልታሸ እንደተጨበጠ ይቀራል፣ ኋላ ማንም አይከፍተውም አላችሁ። አንተም ታሸው ጀመር። የማይካድ አልክድም፣ እጅህ ለስላሳ ነው፤ ጣቶቹም መላወስ ጀምረው ነበር አሉ። ያን ዕለት ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጥተው በወንበሩ ሁሉ ተደርድረዋል። አንተ በእጅህ እያሸህ በአፍህ ስለ ኳስ ትከራከራለህ። ስትጨርስ ትከሻው ላይ የነበረውን ፎጣ መንጭቀህ፣ ፀጉር እንዳለበት ሁሉ ፊቱ ላይ አራገፍከው። ማጅራቱን በመዳፍህ ጧ አደረግከውና "ቀጣይ!" ብለህ ተጣራህ።

ሱቅህ ውስጥ ያለህ መስሎህ ነው፣ አውቃለሁ። እጅህ ለምዶት ነው፣ እሱንም አውቃለሁ። ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈነዱ፣ አንተም አብረህ ሳቅክ። አባባ ግን አሁን አፉ እንደ ልቡ አይታዘዝለትም፣ ምን ብሎ ይመልስላቸው? በደህናው እጁ ያን የተጨበጠውን አነሳና ብርድ ልብሱ ስር ከተተው። ከዚያ ወዲህ እንኳን ላንተ ለባለቤትህም አላወጣውም፤ ሐኪሙ ሲመጣ እንኳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ አለችኝ። እና ይሄ ነው ትንሽ አኩርፏል ያልከው? አንተ ስታኮርፍ ምሳ ሲቀርብልህ ይለቅሃል። አባባ ካፈርኩ አይመልሰኝ ካለ አይመለስም፣ እጁን ይዞ ያኮርፋታል።

ደግሞ ንቀቴ ሁሉ ላንተ ብቻ እንዳይመስልህ። እዚህም ቢጤዎችህ ሞልተዋል፣ ያውም ሰርተፊኬታቸውን በመስታወት አድርገው ግድግዳ ላይ የሰቀሉ። የምንሠራው አንድ ሕንፃ ላይ ነው፤ ጠባብ ኮሪደር፣ በመጋረጃ የተከፈሉ ክፍሎች፣ በየጥጉ የፎጣ ቅርጫት። የሚታሹት ሴቶች ናቸው። እዚህ ቤት ማሸት የሚችል አይጠፋም፤ የጠፋው መጨረስ የሚችል ነው። ከጎኔ የምትሠራው፣ ጉልበተኛዋ የምንላት፣ ስትጨርስ የደንበኛዋን ጀርባ ሁለቴ ትጠፈጥፋለች፣ በቅሎ ጭና እንደምትሸኝ። ሌላዋ ደግሞ ምንም ሳትል ብን ብላ ትጠፋለች። ሴትዮዋ በሆዷ ተኝታ፣ ትመለሳለች ብላ ስትጠብቅ ብርድ ያንዘፈዝፋታል፤ እሷ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ስልኳን ትነካካለች። ማሸትስ በእጅ ነው፤ መሰናበት ግን አስተዳደግ ይጠይቃል።

ደንበኞቹም ቢሆኑ ከነሱ አይሻሉም። አንዷ ገና እጄ ሲያርፍባት ስንት ደቂቃ ቀረኝ ትለኛለች። ሌላዋ ሲያልቅ አልነሳም ብላ ትንሽ ጨምሪልኝ፣ እዚህ ጋ ብቻ፣ ደግሞ እዚህ ጋ ትላለች፤ ጨመርኩላትም አልጨመርኩላትም ስትወጣ ታጉረመርማለች። እኔ እነዚህን በአፌ አልመልስላቸውም። እጄን አዘገየዋለሁ፣ ያኔ ሰውነታቸው ራሱ ነገሩ እያለቀ መሆኑን ይሰማል። አፋቸው ባይሰማ ምን ቸገረኝ።

ከሁሉ የባሰችው ግን አለቃችን ናት። በጀርባዋ ቃጭሌ ነው የምንላት፣ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሃል። አንድ ጠዋት ሰብስባን ማሳጅ በለሆሳስና በጸጋ መጨረስ አለበት አለችን። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው። ይሄን ብላ ከቦርሳዋ አንዲት የነሐስ ቃጭል አወጣች። ከእንግዲህ ሰዓቱ ሲሞላ እሷ ራሷ መጋረጃውን ገልጣ ትገባና የደንበኛዋ ጆሮ ስር ታቃጭላለች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅዋን አቅጥና፣ ወደ ራስሽ ተመለሺ ትላታለች። ወዴት ሄዳ ነው የምትመለሰው? ሰውነቷ እኮ እጄ ስር ነው ያለው።

ቃጭሉ በመጣ ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ መጣች። ትሪ ስትሸከም ውላ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆባታል። ከስንት ልፋት በኋላ ለቀቀልኝ፣ እንቅልፍም ወሰዳት፤ ለሀጯ ፎጣው ላይ ተዝረበረበ። ልጨርስ ብዬ አንድ እጄን አንስቻለሁ፣ ሌላውን ትከሻዋ ላይ ትቼ ትንፋሿን እየጠበቅኩ ነው። ቃጭሌ ገባችና ቃጭሏን ጆሮዋ ስር አንቃጨለችው። ለካስ የዳቦ ቤቱ ምድጃ ዳቦው ሲደርስ የሚያሰማው ድምፅ ልክ እንደዚያው ነው። ሴትዮዋ ተቃጠለ ብላ ከአልጋው ዘለለች፤ አንሶላውን እየጎተተች፣ መጋረጃውን ይዛ ወደቀች። አንገቷም ተመልሶ ድርቅ አለ። አለቃችን ዞር ብላ ምን አድርገሻት ነው ብላ እኔው ላይ ጮኸችብኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ፣ ዳዋዋ እኔ ሆንኩ።

ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ምሳ ሰዓት ላይ ቃጭሉን ከጠረጴዛዋ አንስቼ ምላሱን በጥጥ ጠቅልዬ በክር ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። አሁን ትገባለች፣ ትነቀንቀዋለች፣ ትንፍሽ አይልም፤ እሷ ግን ዓይኗን እንደጨፈነች ወደ ራስሽ ተመለሺ ትላለች። ድምፁ ደከመ እንዴ ብላ ስትጠይቀን ጉልበተኛዋ ቀልጠፍ ብላ፣ እንደውም አሁን ነው ያማረበት አለቻት። እሷም አመነች። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ጸጋ የሚያስተምረኝ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ቀረች። መንገድ ላይ ስታየኝ አንገቷን እንደያዘች ታልፈኛለች። ይሄን የምነግርህ ላንተ ስለሚሆን ነው፣ ልብ ብለህ ስማኝ። አንድ ቀን ሱቋ ገባሁና፣ ነይና አንገትሽን ልሽልሽ አላልኳትም። ያን ቀን ሳልጨርስልሽ ነው የተነሳሽው፣ እሱን ልጨርስ ነው የመጣሁት አልኳት። ግራ ገብቷት እንደቆመች መዳፌን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ፤ ዱቄቱ እጄ ላይ ቀረ። ቆየሁና ስትተነፍስ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ዳቦዬን ገዝቼ ወጣሁ። በሳምንቱ ራሷ መጣች።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፤ ምላጭህን አስቀምጥና ስማ። ሰው ሲታሽ ራሱን ጥሎልህ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱን እጅህን ባንዴ ካነሳህበት ሜዳ ላይ ጣልከው ማለት ነው። ልትጨርስ ስትል አስቀድመህ እጅህን አዘግየው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቆይ። ትንፋሹን ጠብቀህ፣ ሲያወጣው አብረህ አንሳ። ብርድ እንዳያገኘው አልብሰው። ከዚያ ፊቱ አትንጎራደድበት፣ ሬዲዮ አትክፈትበት፣ ያን የኳስ ወሬህን አትጀምርበት። ፎጣውንም አታራግፍበት፤ ጓዳ ይዘኸው ግባና እዚያ እስኪበጣጠስ አራግፈው።

ይሄን ኮርስ ላይ የተማርኩት ደግሞ እንዳይመስልህ። ኮርስ ላይ የተማርኩት የዘይት ስም ነው። መጨረስን ያየሁት አባባ ዘንድ ነው። አንተም አይተሃል፣ ግን ያኔ ሰጋቱራውን እያዘነብክ ስትጫወት አልፎሃል። አባባ በር ሠርቶ ሲጨርስ ወዲያው ለባለቤቱ አስረክቦ ያውቃል? መሮውንና መላጊያውን ያስቀምጣል፣ ሰጋቱራውን እፍ ይላል፣ ከዚያ ያን ሰፊ ቀኝ መዳፉን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል። ዝም ብሎ ይቆያል። ባለቤቱ ቢቸኩል፣ ቢያጉረመርም፣ ጋሪ ቆሞብኛል ቢል፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሲበቃው ቀስ ብሎ ያነሳና "በል ይሁንህ" ይለዋል። ባለቤቱም በሩን ይዞ የሚወጣው አንገቱን ደፍቶ ነበር።

እኔ ስሄድ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ የሸኛችሁኝ ሁለታችሁ ናችሁ። አንተ ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ አስጫንክና፣ ጀርባዬን መታ አድርገህ፣ በይ ቻው ብለህ ወደ ሱቅህ ሮጥክ። ያኔም ጨራሽ አልነበርክም። አባባ መዳፉን አናቴ ላይ አሳረፈ። ሹፌሩ ክላክሱን አስጮኸ፣ ረዳቱ እናትዬ ግቢ እያለ በሩን ደበደበ፤ አባባ እንኳን ሊቸኩል ዞር ብሎም አላየው። ከዚያ ቀስ ብሎ አነሳና "በይ ይሁንሽ" አለኝ። ይሄው ነው ያለኝ፣ ሌላ ምንም አላለኝም። እዚህ ስንቱ አንጓጦኛል፣ ስንቷ እንደ ወንበር ቆጥራኛለች፤ ማታ ደረጃውን ስወጣ ግን ያ መዳፍ አሁንም አናቴ ላይ አለ።

እንግዲህ አንተ ቀጣይ ያልክበት እጅ ያ ነው። ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ያ እጅ ተጨብጦ እንዳይቀር። ብችል ነገ ተነስቼ በመጣሁ፣ ላንተም ባልለመንኩ ነበር፤ ግን አልችልም፣ አጠገቡ ያለኸውም አንተ ነህ። ስሰድብህ የቆየሁት ሌላ የምሰድበው ስላጣሁ አይደለም፣ ሌላ የምለምነው ስለሌለኝ ነው።

ዛሬ ማታ ጎረቤቱን ሁሉ ሸኝ። እጅህን ስጠኝ እንዳትለው። ይቅርታ እያልክ አታልቅስበት፣ ለቅሶ አትችልበትም፣ ያስቅብሃል። ማሸት አትጀምር፤ ያን ዕለት ያቋረጥከውን ነው የምትጨርስለት። አጠገቡ ተቀመጥና እጁ ያለበትን አይተህ፣ ከብርድ ልብሱ በላይ መዳፍህን አሳርፍ። አትጫነው፣ አትፈልገው። ሰው በሩን ቢያንኳኳ እንኳ ቆይ። ከዚያ ሲተነፍስ ቀስ ብለህ አንሳና "አባባ፣ ይሁንህ" በለው። የማን ቃል እንደሆነ ያውቀዋል። ነገም እንዲሁ አድርግ፣ ከነገ ወዲያም። አንድ ቀን ራሱ ያወጣዋል፤ ያኔ ማሸቱን እንደምታውቀው ቀጥል።

ባለቤትህን ስለነገረችኝ አመስግንልኝ፤ ከተቆጣሃት ደግሞ እሰማለሁ፣ እንዴት እንደምሰማ አይተሃል። ሚጢጢን በድዷም በጥርሷም ሳምልኝ። እትዬን ጉልበትሽን በሞቀ ጨርቅ ያዢው ብላለች በልልኝ፣ ዘይት የሚሸጥላት ከመጣ ደግሞ በዱላዋ ታባርረው። በሳቅ ለፈነዱት ጎረቤቶች ሰላምታ የለኝም። ላንተ ግን አለኝ፤ ያን ለስላሳ እጅህን ሳምኩት፣ ለሥራ ይሁንልህ።

አባባን እንደ ሌሎቹ ጉንጩን ስመህ እንዳትገላገለኝ። አውራ ጣቱ ስር፣ መዳፉ ውስጥ፣ መሮ የቆረጠው ጠባሳ አለ፤ አሁን ጭብጡ ሸፍኖታል። ሲከፍተው እዚያ ላይ ሳምልኝ። እስኪከፍተው ድረስ ሰላምታዬ አንተ ጋ ይቆይ።

እህትህ

ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር 11 ቀን