በአንዲት ጉርሻ ስለታገዱት ዶኛ ቼሎ፣ ለመርከቡ ኃላፊ ለአቶ ፊሊሞን

ይድረስ ለክቡር አቶ ፊሊሞን ዑራኤል፣
የ«ሰማያዊ ሞገድ» የመዝናኛ መርከብ ድርጅት የወደብ ጉብኝት ክፍል ኃላፊ፣
ካልቨር ሲቲ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ትልቅ ወንበር ላይ መዋል ወገብ ይይዛል ሲሉ ሰምቼ ስለ ጤናዎ ስጨነቅ ሰነበትኩ። እኔና ባለቤቴ እሌኒ፣ ምንም እንኳ በቅርቡ በድርጅትዎ መርከብ የሜክሲኮዋ ወደብ ኤንሴናዳ ወርደን የአገሩን ምግብ ማብሰል የተማርን ብንሆንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በአዘቦት ቀን ፌርፋክስ ካለው የቅመም ሱቄ ብቅ ሲሉ «ፊሊ፣ ምነው ጠፋህ?» እያልኩ እንደምቀበልዎ አልዘነጋሁም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት የላኩልኝ ደብዳቤ «ውድ ተጓዥ» ብሎ ስለሚጀምር፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ትውውቅ ያላገኘሁትን ማዕረግ በአንድ ኢሜይል ስለሰጡኝ፣ እኔም በአጸፋው ወደ «እርስዎ» ከፍ አድርጌዎታለሁ። የእርስዎን ደብዳቤና የእኔን መልስ ጎን ለጎን በሱቄ መስታወት ላይ፣ «አዲስ ሚጥሚጣ ገብቷል» ከሚለው ማስታወቂያ አጠገብ ለጥፌያቸዋለሁ። ድርጅትዎ ግልጽነትን እንደሚወድ በድረ ገጹ ላይ አንብቤያለሁና።

ደብዳቤዎ እንደሚያስረዳው በምግብ ዝግጅት ትምህርቱ ላይ «ያልተፈቀደ፣ ምግብን በእጅ ወደ ሌላ ሰው አፍ የማድረስ ድርጊት» ተፈጽሟል። እኛ እንዳንሰጋም ድርጊቱ የተፈጸመበት የዶኛ ቼሎ ማድ ቤት ከጉብኝቱ ዝርዝር ታግዷል። ለደረሰብን መጉላላትም በመርከቡ ባር አንድ ነጻ መጠጥ ተፈቅዶልናል። ስለ መጠጡ ከልብ እናመሰግናለን። መጉላላታችንን ግን ባይነግሩን ኖሮ ሳናውቀው፣ ደስ እንዳለን እንቀር ነበር።

ማታ ማታ ውሎዬን የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ምስጋናዬን ከዚያው እየገለበጥኩ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ «የአካባቢውን ኑሮ በቅርብ የማየት» ዕድል ስለሰጡን እናመሰግናለን። ከመርከብ እንደወረድን አውቶቡሱ ያደረሰን ወደ ማድ ቤት ሳይሆን ወደ አንድ የብር ጌጣጌጥ ሱቅ ነበር፤ እዚያም ቀለበት መርጠን እንድንጋባ የተፈለገ ይመስል ብዙ ቆየን። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በኮሚሽን የሚቆም አውቶቡስ ሳየው አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልከፋኝም፣ እንዲያውም ለሙያው ባርኔጣዬን አነሳሁ። የከፋት እሌኒ ናት። ማድ ቤቱ ስንደርስ ከመርከቡ አብራን የመጣችው አጃቢያችን ጊዜ ስላጠረ ሽንኩርቱ ተከትፎ እንደጠበቀን አበሰረችን። እሌኒ ሽንኩርት በገዛ እጇ ሳትከትፍ ድስት የጣደችበትን ቀን አላስታውስም። በየሰው ፊት በትንንሽ ኩባያ የተቀመጠውን ክትፍ ሽንኩርት ስታይ ፊቷ ላይ ያነበብኩት፣ ሙሽሮቹ የሌሉበት ሠርግ የተጠራች ሰው ሁኔታ ነው።

ሁለተኛ፣ ለደኅንነታችን ስላሳዩት አሳቢነት። ቃሪያ ሊያቃጥል እንደሚችል መረዳቴን፣ ቢያቃጥለኝም ድርጅቱን እንደማልከስ የሚገልጽ ወረቀት አስፈርመውኛል። ዕድሜ ልኬን በርበሬና ሚጥሚጣ ስሸጥ ይህ ብልሃት ሳይታየኝ መቅረቱ ያሳፍረኛል። በሚቀጥለው ለምስር ወጥዎ በርበሬ ሊገዙ ሲመጡ ወረቀቱን አዘጋጅቼ እጠብቅዎታለሁ፤ እስክሪብቶ ከእኔ።

ሦስተኛው ስለ ዶኛ ቼሎ ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው። «ዶኛ» እነሱ ዘንድ እንደ እኛ «እትዬ» ማለት ነው። እትዬ ልበላቸውና፣ ሴትዮዋ ደረቁን ቃሪያ በጋለ ብረት ላይ እያገላበጡ ከአፍንጫዬ ሥር ሲያስጠጉልኝ ሙያቸው ገብቶኛል። ከሱቄ ዕቃ አራጋፊዎች በለቀምኩት እስፓንኛ ስለ ቃሪያ ተጫወትን፤ ዋጋ ሳንጠራ የተግባባንበት ብቸኛው የንግድ ወሬዬ ነው። ዓሣው ተጠብሶ፣ ቂጣው ተጋግሮ እንግዶቹ ሁሉ በየሳህናቸው ፊት ሲቀመጡ ግን ዶኛ ቼሎ በሩ አጠገብ፣ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ አጣምረው ቆሙ። እሌኒ ለምን እንደማይቀመጡ በእኔ በኩል አስጠየቀቻቸው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እንደሚበሉ፣ የመርከቡም ደንብ ይህ መሆኑን ነገሩኝ።

እሌኒ «ያበሰለች ቆማ እኛ ልንበላ? ነውር አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። ዓሣውን በቂጣው ጠቀለለች፣ ያን ክትፍ ሽንኩርት ጨመረችበት፣ ሎሚ ጠብ አደረገችና ሄዳ አጎረሰቻቸው። ዶኛ ቼሎ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። አላምጠው ከጨረሱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ «ጨው አንሶታል፤ እጇ ግን ጥሩ ነው» አሉ። ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እሌኒ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች። ምክንያቱን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ነዎትና። አጃቢያችን ግን ታብሌቷን እንደ ጋሻ ይዛ በመካከላቸው ገባች። ሁለተኛው ጉርሻ በእሌኒ እጅ እንደቀረ ወደ አውቶቡሱ ተሸኘን። ክቡርነትዎ ጉርሻውን በአንድ አስቁመውት፣ ይኸው የተባለው አልቀረም፤ እኔና እርስዎ ተጣላን።

የንጽሕና ደንብ መከበሩን አልቃወምም። ሁለቱም እጃቸውን ታጥበው ነበር፤ ሳሙናውን ያቀረበችው ራሷ አጃቢዋ ናት። ነገር ግን ጋርዴና ከተማ በነበረው አዳራሽ ውስጥ በሠርግዎ ዕለት እናትዎ እትዬ ማሚቱ ሲያጎርሱዎ ጓንት አድርገው እንደነበር አላስታውስም፤ በርበሬው የእኔ ስለነበር ሳህኑን በቅርብ ስከታተል ነበር። ሙሽራዋ ኤልያና ስታጎርስዎም «ያልተፈቀደ ድርጊት» ብሎ የመዘገበ አልነበረም። እርስዎም አፍዎን ከፍተው ነበር፤ ሰፋ አድርገው።

ባለፈው እሑድ ዶኛ ቼሎ፣ ስለ ቃሪያ ስንጫወት በሰጠኋቸው የስልክ ቁጥር፣ ለእሌኒ የድምፅ መልእክት ልከውላት ነበር። አልወቀሱንም። መርከቡ እንግዳ መላክ ካቆመ ወዲህ ማድ ቤቱ መዘጋቱን፣ አብራቸው የምትሠራው እህታቸውም ሥራ ፍለጋ ቲኋና ከተማ መሄዷን ነገሩን። ቀጥለውም የመርከቡ ሰዎች እሌኒን በምን እንደቀጧት ጠየቁ። እሷም እንደ እሳቸው የተቀጣች መስሏቸው፣ የተጨነቁት ለእሷ ነበር። ይህን ለእሌኒ እስክተረጉምላት ድረስ ሱቁ ውስጥ የነበረው ደንበኛ ትንሽ መጠበቅ ነበረበት።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶኛ ቼሎን ወደ ቦታቸው ይመልሱ። ጥፋት ካለ ያጎረሰችው እሌኒ፣ ሳያስቆም የቆመው እኔ ነኝ፤ እኛን ከመርከብዎ ያግዱን። የባሕሩን ናፍቆት እንደ ምንም ብለን እንችለዋለን። የነጻ መጠጡን ኩፖን ከዚህ ጋር መልሼዋለሁ፤ አጃቢዋ ትጠጣበት፣ ብቻዋን ግን አይሁን።

በጎ ፈቃድዎን ከበሩ አጠገብ፣ እጄን አጣምሬ ቆሜ የምጠብቅ፣ ቃሪያ እንደሚያቃጥል በፊርማዬ ያረጋገጥኩ፣ እርስዎ በልተው እስኪጨርሱ የማልቀመጥ፣

ታማኝ ደንበኛዎና ቅመም አቅራቢዎ
ወንድምአገኝ
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ፊሊ፣ ይህቺን እንኳ በ«አንተ» ልጻፍልህ። ኤንሴናዳ ለካ በመኪናም ይደረሳል። የእድራችን ሰዎች አውቶቡስ ይዘን በሚቀጥለው ወር ዶኛ ቼሎ ዘንድ እንወርዳለን፤ ማድ ቤቱን ይከፍቱልናል፣ ሽንኩርቱንም ማንም እንዳይነካብን አደራ ብለናቸዋል። ብር ሱቅ ጋ አንቆምም። እሌኒ ሁለተኛውን ጉርሻ ታደርሳለች። ለአንተ ከኋላ አንድ ወንበር ትቼልሃለሁ። ከፊት ያልሆነው፣ የፊቱን ቀድመው የተመዘገቡት እናትህ ስለያዙት ነው። እትዬ ማሚቱ ደብዳቤህን ከመስታወቱ ላይ አንብበው ሲጨርሱ፣ «ይህን ልጅ በማንኪያ ነው እንዴ ያሳደግኩት?» ብለው ጠይቀውኛል። ምን ልመልስላቸው?