ሣጥኗ ተዘግቶ ከተቀበረችው ነርስ

ለክቡር ሚስተር ዋረን ኬትልማን
የ«ሐይቅ ዳር ሐኪሞች» ተከታታይ ድራማ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር
በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ያ መላውን ስቱዲዮ ያስበረግግ የነበረው ድምፅዎ እንዳማረበት እንደሚገኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነርስ ክላሪስን ሆኜ የተወንኩት ሎሬታ ፒንክኒ፣ በእርስዎ እጅ ከሞትኩ ወዲህ እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ሥራ የጀመሩበትን ሠላሳኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ወዳጆችዎ የሙያችንን ጋዜጣ በእንኳን አደረሰዎ መልእክት ሲያጥለቀልቁት ባይ፣ እኔም ያለብኝን ምስጋና በቁጥር አስቀምጬ ላቀርብልዎ ወደድኩ።

1ኛ. ስለ ምሳዎ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ቀረጻ ከምሳ ሰዓት አሳልፈው እንደማያውቁ በየቃለ መጠይቁ ይናገራሉ፤ እውነት ነው። አንድን ትዕይንት ሁለት ጊዜ መቅረጽን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት፣ ቀዶ ሐኪማችን መነጽሩን በሽተኛው ሆድ ውስጥ ጥሎ ሲፈልግ እያዩ «አለፈ» ብለው ተነሥተዋል። ሾርባዎ ሳይቀዘቅዝ ስለደረሱ ሁላችንም ደስ ብሎናል።

2ኛ. ስለ ሃርላን ዶብስ። አባቴን ሆኖ ይተውን የነበረው የሰባ አራት ዓመቱ ሃርላን አንዲት ዓረፍተ ነገር ጠፍታበት በቆመ ጊዜ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆነው በድምፅ ማጉያ «ይሄ ሽማግሌ ሳይሞትብን አንድ ሰው ቃሉን ያቀብለው» ማለትዎን አልረሳሁም። እሱም አልረሳውም፤ የሚረሳው ቃለ ተውኔቱን ብቻ ነበር። እኔ በሰው ፊት «ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡት እንጂ» በማለቴ፣ በማግስቱ በተሰጠኝ ጽሑፍ ላይ ጀልባዬ በማዕበል ተገልብጣ፣ እኔም ሞቼ አገኘሁት። ሃርላንም ልጁን ቀብሮ በዚያው ተሰናበተ፤ ከዚያ ወዲህ የቀጠረው የለም። እዚህ ላይ በጣም ስለምናደድ፣ ጨዋነት ቢጎድለኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

3ኛ. ስለ ቀብሬ። ከልቤ የማመሰግንዎ በዚህ ነው። ደራሲያችን አይዳ ሮዘን፣ በእኛ ሙያ ሬሳው በካሜራ ያልታየ ሰው እንደ ሞተ እንደማይቆጠርና ተመልካቹ ይመለሳል ብሎ እንደሚጠብቅ አስታውሳዎት፣ ፊቴን ለአፍታ እንኳ ከቅርብ እንዲያሳዩ ለምናዎት ነበር። እኔም ፊቴን በዱቄት አስነጥቼ፣ ለመሞት ተዘጋጅቼ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። እርስዎ ግን ሰዓትዎን አይተው «ለሬሳ ብዬ ምሳዬን አላሳልፍም፤ ሣጥኑን ዝጉና ቅበሯት» አሉ። ባዶ ሣጥን ተቀበረ፤ እኔም ዱቄቴን ታጥቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያማ ከኦሃዮ፣ ከማኒቶባ፣ ከየገጠሩ ያሉ እናቶች ሁለት ዓመት ሙሉ «ክላሪስ እኮ ዋና ትችላለች፤ ለመሆኑ ሬሳዋን ማን አየው?» እያሉ ለጣቢያው ሲጽፉ ኖሩ። ባለፈው ወር የጣቢያው ኃላፊዎች ስልክ ደውለው፣ ክላሪስ ማንነቷን ረስታ በአንድ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ስትኖር መገኘቷን አበሠሩኝ። ለመመለስ ሁለት ነገር ጠየቅኩ፤ ሁለቱንም ፈቀዱ። አንደኛው ሃርላን ነው። ሰኞ በሩን ከፍቶ ሲያየኝ የመጀመሪያውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው። ቢጠፋበት፣ እስኪመጣለት ድረስ ሁላችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን፤ እርስዎም ይጠብቃሉ። ምሳዎን ቋጥረው ቢመጡ ይሻላል።

ውለታዎን ዘወትር የማልረሳ፣ በችኮላዎ ነፍሴ የተረፈች፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ሎሬታ ፒንክኒ
የቀድሞ ሟች

ማስታወሻ፦ ሁለተኛው ጥያቄዬ፣ በሰኞው ክፍል ማብቂያ ላይ የሚተላለፈውን የእርስዎን የጡረታ ስንብት የሚመለከት ነው። ጡረታ መውጣትዎን እስካሁን ማንም ካልነገረዎት፣ ከእኔ በመስማትዎ ክብር ይሰማኛል። ኬኩን ሲቆርሱ ካሜራው ፊትዎን ከቅርብ፣ ረጋ ብሎ፣ ለረጅም ጊዜ እንዲያሳይ በውሌ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ይመለሳል ብሎ የሚጠብቅ ተመልካች እንዳይኖር።