አቤቱታዬን በሦስት ቀን ስለ ሰማችሁልኝ

ለተከበሩ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ እጅ እነሣለሁ። የርስዎ ጤና፣ የቤተ ሰብዎ ጤና፣ ከእጅዎም የማይለየው የማኅተምዎ ጤና እንዴት ሰንብቷል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ላይ ይለግማል እንጂ ዓይኔ ያያል፤ እጄም እንደሚመለከቱት ይጽፋል። ይህችን ደብዳቤ ለርስዎ ብቻ ሳይሆን ማንበብ ለሚችል ሁሉ ግልጽ ያደረግኋት፣ ከዚህ በፊት በታሸገ ፖስታ የላክሁልዎ ደብዳቤ ያደረሰውን ስላየሁ ነው።

ምናልባት ከደብዳቤው ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ ከሆነ ራሴን ላስታውስ። እኔ በሚዛን ተፈሪ አካባቢ አርባ ዓመት የኖርሁ፣ በልጅነቴ አባቴ ወደ ትውልድ አገሩ ጎጃም ልኮኝ ቅኔ የተማርሁ፣ አሁን ደግሞ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የልጅ ልጄን ትዝታን የማሳድግ ሰው ነኝ። ባለፈው ኅዳር የትዝታ መምህርት የሆነችው ሩሐማ ሃምሳ ሁለቱን ተማሪዎቿን በሁለት ረድፍ አሰልፋ ወደ አቶ ተካ የቡና ማሳ ወስዳቸው ዋለች። ትዝታ ጫማዋ ተቀድዶ፣ የደንብ ልብሷ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሶ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱም ልጆቹ ክፍል ውስጥ ደብተር ዘግተው ያንን ማሳ ከጭቃ፣ ከቡና ገለባና ከደረቀ ቅጠል በካርቶን ላይ ሲሠሩ ዋሉ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ ሁለት ገጽ ጻፍሁልዎ። «ትምህርት በመቀመጥ እንጂ በመዞር አይገኝም፤ እኛ ከመምህራችን እግር ሥር ሳንነሣ ነው የተማርነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር የእኔ ነው። ጉብኝት እንዲቀር ባወጡት የእገዳ ደብዳቤ ላይ ቃል በቃል ተጠቅሶ በማየቴ፣ ጽሑፌ በመንግሥት ቢሮ ሲከበር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የሴቶች ልጆች መጸዳጃ ቤት በር እንደሌለው፣ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ነጠላ ዘርግታ እንደምትቆምላት በመግለጽ በአራት ዓመት ውስጥ አምስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር፤ ነጠላው እስከ ዛሬ ተዘርግቷል። የሁለተኛ ክፍል ጣሪያ በክረምት እንደሚያፈስም ጽፌያለሁ፤ ዝናቡ ራሱ በየዓመቱ እየመጣ ይመሰክርልኛል። አንዲትን መምህርት ልጆች በማስተማሯ የከሰስሁ ዕለት ግን በሦስት ቀን ውስጥ ሙሉ መልስ አገኘሁ። እርሷን ሳይጠይቁ፣ ከልጆቹ አንዱን ሳይጠይቁ፣ እኔንም «ማሳው ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል?» ሳይሉ ወሰኑ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ሃያ ደቂቃ መሆኑን እነግርዎ ነበር። መምህርት ሩሐማም «ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል» ወደ ማጂ አቅጣጫ ወዳለ ትምህርት ቤት ተመድባ፣ በቀጣዩ ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ፍራሽና ከሁለት ካርቶን መጻሕፍት ጋር በአይሱዙ ተሳፍራ ሄደች። የታመሙ እናቷ እዚሁ ቀርተዋል። ይህን በቁጣ የምጽፍ እንዳይመስልዎ፤ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ልቤ እንደ ቀዘቀዘ እጅ ሆኗል፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ዕቅድ አክባሪነትዎ ነው። ለካስ በጽሕፈት ቤትዎ ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ትምህርታዊ ጉብኝት የሚባል ተግባር ኖሯል፤ በየመንፈቀ ዓመቱም ተከናውኖ ሪፖርት መቅረብ ነበረበት። ጉብኝቱ ደግሞ በርስዎ ደብዳቤ ታግዷል። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጨነቅ ነበር። የእናንተ መፍትሔ ግን ቀላል ሆነ፤ በዚያው ሐሙስ ጠዋት ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ከአጥሩ አጠገብ ባለችው ብቸኛ የግራቪሊያ ዛፍ ሥር ተሰልፈው፣ ሩቅ እንደሚመለከት ሰው እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ እንዲያደርጉ ታዝዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያም ክፍል ገብተው ከሰሌዳ ላይ ይህን ገለበጡ፦ «ወደ ቡና ደን ሄድን። ብዙ ነገሮችን አየን። ትልቅ ትምህርት አገኘን። በጣም ተደሰትን።» ሃምሳ ሁለት ልጆች በአንድ ቃል በጣም ተደሰቱ። አፈጻጸሙም መቶ በመቶ ተብሎ ተመዘገበ። እኔ በልጅነቴ «አትዋሽ» የሚለውን በቃሌ ያጠናሁት በብዙ አለንጋ ነው፤ የዛሬ ልጆች ተቃራኒውን ያለ አንዳች ግርፋት፣ በአርባ ደቂቃ፣ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መማራቸው የዘመኑን የማስተማር ሥነ ዘዴ እንዳደንቅ አድርጎኛል።

፫. ከሃምሳ ሁለቱ አንዷ ግን አስቸግራችኋለች፤ ስለ እርሷም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝና። ትዝታ ከሰሌዳው መገልበጡን ትታ ቀደም ብላ ከመምህርቷ ጋር በእውነት የሄደችበትን ጻፈች። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ እንዲህ ይላል፦

«አንዱ የቡና ዛፍ በአንድ ጎኑ ደርቆ በሌላ ጎኑ ለምልሟል። አቶ ተካ ቅርፊቱን በቢላዋ ልጠው ውስጡ መጥቆሩን አሳዩን። ዛፉ ሲታመም እዚያው ተነቅሎ ይቃጠላል። ከማሳው እስከ ትምህርት ቤታችን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ስድስት እርምጃ ነው። ቤኪ ሁለት ሺህ አርባ ነው ብሏል፤ የቤኪ እግር ረጅም ነው።»

ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ከተሰጠው ውጪ ጽፈሻል» ተብሎ ዜሮ ተሰጥቷታል። ዜሮውም ክብ፣ ንጹሕና የማያሻማ ነው።

፬. አራተኛው ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ በተራ ቁጥር ውስጥ ያስገባሁት ቁጥሩ ካልተጻፈበት እንደማታነቡልኝ ስለማውቅ ነው። ትዝታ በጭቃ ተለውሳ የመጣች ዕለት ማታ፣ እኔ የአቤቱታዬን መግቢያ ሳሰላስል እርሷ ከጓሮ በኩል ጠራችኝና «አባባ፣ ይህ የእርስዎ የቡና ዛፍ ታሟል፤ እርሱን በቆረጡበት ገጀራ ሌላውን እንዳይነኩ፤ በእሳት ካላሳለፉት በሽታውን ያሻግራል፤ አቶ ተካ ብለዋል» አለችኝ። እኔም «አርባ ዓመት ቡና ሳለማ የኖርሁትን ሰው ስለ ቡና ልታስተምሪኝ ነው? ይልቅ ጫማሽን እጠቢ» አልኋት። በዚያው ገጀራ የታመመውን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ጓሮዬን ሁሉ መንጥሬበት፣ እንደ ወጉ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ በየነች አዋስሁት። አሁን ከእኔ ጓሮ ስድስት፣ ከእርሷ ሁለት ዛፎች ነቅለን አቃጥለናል፤ ሌላ ስንት እንደሚከተል አናውቅም። ወይዘሮ በየነች እስከ ዛሬ አልወቀሰችኝም፤ ገጀራዬን ግን ከእንግዲህ አትዋስም።

አመዱን ቆሜ ስመለከት፣ ለርስዎ የጻፍሁት ያ የተከበረ ዐረፍተ ነገርም ውሸት መሆኑ ትዝ አለኝ። እኛ ከመምህራችን እግር ሥር ሳንነሣ አልተማርንም። ቅኔ ስንቆጥር የኔታ ከጉባኤው አስነሥተው ወደ ዱር ይሰዱን ነበር። አንዱ ከዋርካ ሥር፣ አንዱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱም ከአዝመራ መካከል ለብቻው ተቀምጦ፣ ንቡንና እሸቱን ሲያይ ውሎ፣ ወደ ማታ ተመልሶ ያገኘውን ለየኔታ ይነግራል። በር ዘግተው ቢያስቀምጡኝ ኖሮ አንዲት ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና እንኳ ባልሞላሁ ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለምን እንደ ጻፍሁ ራሴን ጠይቄአለሁ። የተቀደደው ጫማ አለበት። የልጅ ልጄን ዱር ይዛት የወጣችው የሌላ ጸሎት ቤት ልጅ መሆኗ በልቤ ጥግ አልነበረም ብልም ሌላ ውሸት እጨምራለሁ። እኔ ስሳሳት እንዲህ ነው። እናንተ ግን ስሕተቴን እንደ ቃለ ወንጌል ተቀብላችሁ ማኅተም አተማችሁበት፤ በዚህ በእውነት እኩል ሆነናል።

፭. በመጨረሻም ስለ መዝገብ ቤትዎ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። አቤቱታዬን መልሼ ለመውሰድ ስምንት ጊዜ ተመላልሻለሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ ማርዋ ወንበር ሰጥታ፣ ፋይሉን አውጥታ አሳይታኝ፣ «አባቴ፣ እዚህ ቤት የገባ ደብዳቤ ሲጠፋ አይቻለሁ እንጂ ሲመለስ አላየሁም» አለችኝ። የመጸዳጃ ቤቱ አምስት ደብዳቤ የት እንዳለም ጠየቅኋት። «እነዚያ የጠፉት ናቸው» አለች። ከእርሷ ሌላ በዚያ ቢሮ እውነቱን የነገረኝ የለምና ይህን በመጻፌ እንዳትነካብኝ አደራ እላለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በኅዳር ወር የጻፍሁት ክስ ውሸት መሆኑን ከሳሹ እኔ በራሴ ፊርማ አረጋግጫለሁና፣ መምህርት ሩሐማ ወደ ክፍሏና ወደ እናቷ ትመለስ። እርሷን ለማስወገድ የአንድ ሽማግሌ ቃል በቂ ከነበረ፣ እርሷን ለመመለስ የዚያው ሽማግሌ ቃል እንዴት ያንሳል? ከተመለሰችም በኋላ ልጆቹ ወደ ጉብኝት ሲወጡ ከሰልፉ ኋላ ሆኜ፣ ዳገቱን በምርኩዝም ቢሆን፣ አብሬ ለመሄድ ቃል እገባለሁ። ጫማ ቢቀደድ አልጽፍም።

የወንበርዎን እግር ያጽናልዎ፤ ብዕርዎን ከዝገት፣ ዕቅድዎን ከእውነታ ጋር ከመጋጨት ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቶሎ የተሰማሁት፣ በዚያውም ያፈርሁት፣

መሪጌታ ዓለምሰገድ ወልደ ትንሣኤ
የካቲት ፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለስምንተኛ ጊዜ ስመጣ፣ ያ የግራቪሊያው ሥር ፎቶግራፍ በመስተዋት ገብቶ ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ «በትምህርታዊ ጉብኝት ላይ» ተብሎ ተሰቅሎ አየሁት። ሃምሳ ሁለቱም ልጆች እጃቸውን ከግንባራቸው አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከአጥሩ ወዲያ ወደ መንገዱ ይመለከታሉ፤ ሁለቱ ያለቅሳሉ። ቤት ስገባ ትዝታን ምን እያያችሁ ነበር ብዬ ጠየቅኋት። «አይሱዙውን» አለችኝ። ስለዚህ ፎቶግራፉን ከግድግዳው እንዳያወርዱት እለምናለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ዓመት ካወጣቸው ሪፖርቶች ሁሉ እውነተኛው እርሱ ብቻ ነው።