የዩኩሌሌሽ አንገት

ሰናይቴ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የቤቱን ነገር በየተራ ልንገርሽ፤ ካልደረደርኩት እንደሚጠፋብኝ ታውቂያለሽ። እዛው ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማችን ውስጥ ነን። የኩሽናው ቧንቧ ተሠራ። ልጃችን ሊያ ትከሻዬን አልፋለች፤ አሁንም በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። እኔም አሁንም ምድጃውን አጥፍቻለሁ ወይ እያልኩ ከሊፍት እመለሳለሁ።

ሌላው፣ ቅዳሜ በመኪና ወንዙን ተሻግረን አሌክሳንድሪያ ሄደን ለሊያ አዲስ ዩኩሌሌ፣ እንዳንቺው ያለ ባለ አራት ክር ትንሽ ጊታር፣ ገዛን። የኔ እያለ ለምን? ትያለሽ። እሱን ለመጻፍ ነው እጄ የከበደኝ።

የለቅሶሽ ጊዜ ሳሎኑ ፍራሽ በፍራሽ ነበር፤ የዘመድ ልጆች በላዩ ይዘላሉ። አንዱ ዩኩሌሌሽን ከግድግዳ አውርዶ ሲጎትተው አየሁና፣ እንዳይሰብሩት ብዬ የመኪናው ትራንክ ውስጥ ከተትኩት። ሰው ሲበተን አወጣዋለሁ አልኩ። ሰው ተበተነ፤ እኔ ታጣፊ ወንበሮቹን በላዩ ጭኜ ረሳሁት። ሰመሩን፣ የዚህን አገር የሙቀት ወራት ሙሉ፣ እዛው ውስጥ ከረመ። ጎማ ተንፍሶብኝ ቅያሪውን ላወጣ ወንበሮቹን ሳነሳ ነው ያገኘሁት። አንገቱ እንደ ቀስት ጎብጧል፣ ማጣበቂያው ለቋል። ሁለት ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት፤ ሁለቱም አይሆንም አሉኝ። ሊያ አየችውና የላሉትን ክሮች በጣቷ ነካ አድርጋ ክፍሏ ገባች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁ ውስጥ እንዳንቺ ላደርግ ሞከርኩ። ያኔ ያንቺን ስንገዛ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከጭንቅላቱ በኩል አንገቱን ቁልቁል ስታዪ፣ ጠመንጃ ነው እንዴ የምታነጣጥሪው ብዬሽ ስቀሽ ነበር። እኔም ጨፈንኩ። አንዱ የተጣመመ መሰለኝ፣ መለስኩት። ሌላውንም መለስኩ። ሦስተኛውን ስመልስ ሻጩ በረጅሙ መተንፈስ ጀመረ።

ቀጣዩን ሊያ ያዘችው። ክሩን በአንድ ጣት አንገቱ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች በመጀመሪያው ላይ፣ በሌላ ጣት አንገቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት ብረት ላይ ተጫነችው፤ ክሩ እንደ ማስመሪያ ቀጥ አለ። መሐል ላይ ከክሩ ስር ስስ ብርሃን አየሁ። ይሄም ጎብጧል፣ እንሂድ አልኩ። እሷ የፓርኪንጉን ደረሰኝ ከእጄ ወስዳ በክፍተቱ አሾለከችው፤ ክፍተቷ ለወረቀቱ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ከዛ በአማርኛ፣ አባ፣ እማዬ ትንሽ ቦታ ይፈልጋል ብላኝ ነበር፣ ክሩ ሲንቀጠቀጥ ብረቱን እንዳይመታ፣ አለችኝ። ይሄን እንዳስተማርሻት አላውቅም ነበር። ክሩን በየብረቱ ላይ አንድ በአንድ እየተጫነች መታችው፤ እዝዝ የሚል የለም።

ከፍለን ወጣን። እጄ ለምዶበት ትራንኩን ከፈትኩ። ሊያ ዩኩሌሌውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። ከዛ ፊት ወንበር ገብታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ቀበቶውንም በላዩ አሰረች።

አሁን ከሂተሩ ራቅ ያለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ያንቺም ከጎኑ አለ፣ እንደጎበጠ። ሥራሽ ቦታ ደይኬር፣ ሕፃናት ማቆያው፣ ለልጆቹ ትጫወቺ የነበረውን ዜማ እየለመደች ነው። አንቺ የምትሳሳቺበት ቦታ ላይ እሷም ትሳሳታለች፤ አላርማትም።

ይቅር በይኝ ብልሽ መልሱን ከየት አገኛለሁ። ብቻ ትራንኩን በከፈትኩ ቁጥር አስታውስሻለሁ። ወንበሮቹንም አንስቼ፣ ባዶ መሆኑን ሳላይ አልዘጋውም።