ግራጫ አልቀባውም

ሚያዝያ 12 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

የቢሯችንን ኮምፒውተር ሳጥን ዝገት በላው፤ አዲስ ሠራሁለት። ብረቱን እናቴ ድስት እንደምታሸው በባሮ አሸዋ ፈተግኩት። ከዚያ ከመዳብ ሽቦ ጋር አቼቶ ውስጥ ነክሬ፣ በመኪና ባትሪ መዳብ አለበስኩት። በጨርቅ ስወለውለው እንደ መስተዋት ፊት ያሳያል።

ዛሬ ኃላፊዬ አቶ ታምሩ አዩት።

«ኦጁሉ፣ ይሄ የመንግሥት ዕቃ ነው የሙሽራ ጌጥ? አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ግራጫ ናቸው። ግራጫ ቀባው።»

«አዲስ አበባ የባሮ አሸዋ የላትም። አልቀባም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ኢታንግ ወረዳ ትዛወራለህ።»

ሊወጡ ሲሉ ግን ሳጥኑ ፊት ጎንበስ ብለው ኮሌታቸውን አስተካከሉ፤ ፀጉራቸውንም ዳበስ አደረጉ።

ኢታንግም ቢሆን እሄዳለሁ። ግራጫውን ከፈለጉ ራሳቸው ይቀቡት።