የእንቅልፌ መርዶ

ይድረስ ለእማዬ፣ አንኮበር።

ሰላምታዬ ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስሽ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልሽ ከባድ መርዶ ይዣለሁ፤ ነጠላሽን አዘቅዝቂና አንብቢ። በተወለደ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ ባደረበት የሐሳብ ሕመም፣ እንቅልፌ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ሥር ተፈጽሟል።

ስልክ ያልደወልኩልሽ አባባ ካጠገብሽ ስለማይጠፉ ነው። ባለፈው እንቅልፍ እንዳጣሁ ብነግራቸው፣ እንደ ሰው አባት «አይዞህ» በማለት ፈንታ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው! ፈጣሪ ለማኅሌት እየቀሰቀሰህ ነውና ባጃጁን ለባለቤቱ መልስ፣ መጥተህ ዲቁናህን ተቀበል አሉኝ። እማዬ፣ እኔ የቄስ ልጅ ነኝ እንጂ አውራ ዶሮ አይደለሁም!

አልመጣም። ይልቅ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር አፊፋ የምትባል ነርስ፣ ደም እንኳ ሳትቀዳ፣ ቀን ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ። ባጃጅ ውስጥ ተሳፋሪ ስጠብቅ አሸልባለሁ አልኳት። ታዲያ ቀን ጨርሰኸው ሌሊት ከየት ይምጣልህ አለችኝ። ስለ አንዲት ቅጠልም ጠይቃኛለች፤ የመለስኩላትን ላንቺ አልጽፍም።

ኪኒን ስጠብቅ ሕግ ሰጠችኝ። ቀን ማሸለብ የለም፤ ከቀትር በኋላ ቡና የለም፤ ስልክ ይዞ አልጋ መግባት የለም። ተኛሁም አልተኛሁም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ደግሞ ስገላበጥ ከማድር ከአልጋ ወርጄ ቁጭ ማለት፣ ሲመጣ ብቻ መመለስ። በዚህ ብርድ! ጠላቴ መሰለችኝ። መጀመሪያ ዓይኔ በርበሬ መሰለ፣ ጠባሴ ሰፈር ውሰደኝ ያለኝን ሰውዬ ገበያ ወስጄ አወረድኩት። በኋላ ግን እንቅልፌ ቀስ እያለ እንደ አልዓዛር ተነሣ። አሁንማ የሥላሴ ደወል ጆሮዬ ሥር ቢደወል አልሰማም።

የማኅሌቱ ጥሪ ተቋርጧል ብዬ ልኮራባቸው ትናንት ለአባባ ደወልኩ። እርግማኑን ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያቺ ነርስ ዕድሜው የገፋ ሰውም ታያለች ወይ አሉኝ።

ለማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም፤ አንቺም እንዳትጠይቂ። ነርሷ በምትገኝበት በማክሰኞ ቀን አባባን «ሂድና ያንን እምቢተኛ ልጅህን ገሥጸህ መልሰው» ብለሽ ላኪልኝ። እኔ አልመለስም፤ እሳቸው ግን ይምጡ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤታችንን የሰላም ሌሊት ይስጠው። ስላስደነገጥኩሽ አትቆጪ፤ ነገሩ ሁሉ ትንሽ እንቅልፍ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

ዲያቆን የማይሆነው ልጅሽ