የመሪጌታ ድንች፣ የመ/ር ኤልያስ ድንች

ጥቅምት 6፣ ሰኞ ጠዋት
ክሩ ዛሬም መርፌው ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። መርፌው ነው ጥፋቱ ብዬ አዲስ አወጣሁ። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥልፉ ገና አንገቱ ላይ ነው። በረንዳዬን ደግሞ ሠዓሊዎች ወረሱት። ጓዳውን የተከራየኝ መ/ር ኤልያስ፣ ሥዕል የሚያስተምረው የሐዋሳ ልጅ፣ ጠረጴዛዬን አውጥቶ አንድ ብርሌ፣ አንድ ቅልና ስድስት የጉና ድንች ደረደረበት። እትዬ እንዳይነኩብኝ አለ። በገዛ ጠረጴዛዬ! የዕቃ ሥዕል ነው አሉ። ሰው የለበት፣ መልአክ የለበት። ጎረቤቴን መሪጌታንም ጠራቸው፣ የቤ/ክ ሥዕል የሚሥሉትን። አንድ ድንች ለሁለት ሊሥሉ።

ጥቅምት 8፣ 9 ሰዓት
ደብተሬ፣ ሲጨቃጨቁ ብትሰሚ በሳቅ ትሞቻለሽ። ኤልያስ ከጥላው ይጀምራል። ቡኒውን፣ ግራጫውን ይለቀልቅና ድንቹ ከጨለማው ቀስ እያለ ይወጣል። መስመር የሚባል የለውም። መሪጌታ መጀመሪያ ዙሪያውን በጥቁር ይከባሉ፣ ከዚያ ቀለሙን ይሞላሉ። ጥላ አይሥሉም። ለምን ቢላቸው፣ ጥላው የፀሐይ ነው እንጂ የድንቹ አይደለም አሉ። ብርሌውን ከጎን ሥለው አፉን ብቻ ከላይ እንዳዩት ክብ አደረጉት። አፍ ያለው ዕቃ አፉ ይታይ ነው ነገሩ።
"ያንተ ድንች ጭቃ ውስጥ የወደቀ ነው" አሉት።
"የእርስዎ ደግሞ ሊሰገድለት ምንም አልቀረው" አላቸው።
ቀለም የምታውቅ እሷ ናት ብለው እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ላንቺ ልንገርሽ፣ የኤልያስ ድንች አፈር አፈር ይሸታል። የመሪጌታ ከሩቅ ይጠራል። ለማን ልፍረድ?

ጥቅምት 12፣ እሁድ ከሰዓት
እጄ አላርፍ ብሏል። ኤልያስ፣ ሠዓሊ ሲለካ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል ብሎ አሳየኝ። እኔም እየሳቅሁ ግራዬን ጨፈንኩ።
ብርሌው የለም። ቅሉም የለም። ጉም ብቻ፣ እንደ ነሐሴ።
ወደ ሥዕሎቹ ዞርኩ። የኤልያስ፣ የታጠበ ጨርቅ። የመሪጌታ ጥቁር መስመር ብቻ ቀርቷል፣ ድንቹ እንደ ቀለበት። ቀኙን ጨፈንኩ፣ ሁሉም ተመለሰ። ሳቄን አላቋረጥኩም። ማንም አላወቀብኝም።
እናቴንም ዓይኗን በእኔ ዕድሜ ነው የጀመራት። ሞራ ነው፣ ይለቃታል ይሉ ነበር። መጨረሻ ላይ ልጆቿን ፊታችንን እየዳሰሰች ነበር የምትለየን።

ጥቅምት 16
ኤልያስ ት/ቤት ሲሄድ ሥዕሎቹን ገልጬ ግራዬን ጨፍኜ እቆማለሁ። የመሪጌታ ስድስቱም ድንቾች አሉ። እግዜር ይመስገን። የኤልያስ አንድም የለም። ጎበዙ እሱ ነው እኮ፣ ብርሌው ላይ የመስኮቴን ብርሃን ሳይቀር ሥሎታል። ለደህና ዓይን ብቻ ነው የሠራው። መሪጌታ ጨለማ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ለሽማግሌ፣ ከሩቅ ቆሞ ለሚሳለም መሥራት ስለለመዱ ይሆን? ይህን ብነግራቸው ደስ ባላቸው። ግን በምን አወቅሽ ይሉኛል።

ጥቅምት 23
ቤ/ክ ሄድኩ። ባልሄድኩ። ግድግዳው ላይ ጻድቃኑ በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ያያሉ። ኃጥአኑና ሰይጣኑ በጎን ናቸው፣ ባለ አንድ ዓይን። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥዕል ነው። ዛሬ አንዱ አፍጥጦ ያየኝ መሰለኝ፣ ነይ የኛ ነሽ እንደሚል። ምን አጠፋሁ? ጸሎቴን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ጥቅምት 30፣ ረፋድ
የመሪጌታ ድንች አራት ሆነ። ሁለቱ የት ሄዱ።
የሙሽራዋ እናት መጣች። ሰማያዊ ባለችኝ ቦታ አረንጓዴ ጠልፌያለሁ። እንዲህ ያምራል ብዬ ነው ብዬ ዋሸሁ። ቀሚሱን ይዛ ሄደች። ጥልፍ ከተወኝ ምን እይዛለሁ? ምግብ አልበላ አለኝ።

ኅዳር 1
መሪጌታ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ሥዕላቸው ፊት አገኙኝ። ማምለጫ የለም። ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ የግድግዳውንም ጭምር። ይቆጡኛል ስል ተቀመጡ።
"እንዲያው አንቺ ብርቄ፣ ስንት ሰይጣን የሣልኩት እኔ አይደለሁም? በጎን የሚሣለው ሁለተኛ ዓይን አጥቶ መሰለሽ? ወዲያ ዞሮ ነው እንጂ።"
ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጭኔ ላይ ጣሉት። ይህን ቅዱስ አልሰጠኝም፣ ባ/ዳር ሐኪም ነው የሰጠኝ፣ ጠበሉን በማለዳ ትጠመቂያለሽ፣ በሚኒባሱ ትሄጃለሽ፣ አይጣሉም አሉ። አለቀስኩ። እናቴን ግን ጠበሉ ብቻ ነበር ያያት፣ ሐኪም ማን ወሰዳት። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

ኅዳር 3፣ እሁድ 11 ሰዓት
ልጄ ማርታ ባ/ዳር መናኸሪያ ትቀበለኛለች። ስደውልላት ቀኝ ዓይኔን ትንሽ ያመኛል አልኳት። ትንሽ! መንገዱ ክፍት ነው ብላለች።
ላንቺ ብቻ የማልደብቀው ደብተሬ፣ ዛሬ ቀኙን ጨፍኜ በደህናው አየሁ። የኤልያስ ድንች ጠርዙ ላይ እንደ ጢስ ያለ ነገር አለ። ደመናው ነው አልኩ። በረንዳው ላይ ግን ፀሐይ ነበረ። ሥዕሉን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ጢሱ አለ። ቁጭ አልኩ።
ቀኙ ብቻ ነው ብዬ ሐኪሙ ጋ ልገባ አስቤ ነበር። ደህናውን ባይነኩት፣ ባላውቀው ብዬ። አይሆንም። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት እሳፈራለሁ። ሐኪሙ የቱን ነው ሲለኝ ሁለቱንም እላለሁ፣ ማርታ አጠገቤ ቆማ እየሰማች።